ዲጂታል ጨዋታ ግብረ ገብን ማስተማር ይችላል?

በዩናይትድ ስቴትስ ኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በአጎራባቿ አውሮራ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እንደ ሌላው ወላጅ ሁሉ እነርሱም ልጆቻቸው በቪዲዮ ጨዋታ የሚያሳልፉት ሰዓት ያሳስባቸዋል። ሥጋቱ በአካባቢው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴንቨር ብዙም በማይርቀው የኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ተኩስ ከፍተው በዕለቱ 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ። ከዚያም የመምህሩ ቤተሰብ የጨዋታ አምራቾችን ከሰሰ። ይሁንና በ2002 የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ አምራቾቹ ድርጊቱን አስቀድመው ሊገምቱ እንደማይችሉና ጨዋታዎቹም በሐሳብ ነፃነት ጥበቃ ሥር እንደሚወድቁ ገልጾ ክሱን ውድቅ አደረገ።

ከክርክሩ ጀርባ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ጨዋታ ክፋትን ያስተምራል ተብሎ ከተፈራ፣ በጎነትንስ ሊያስተምር ይችላል?

ለዚሁ ዓላማ ከተሠሩት አንዱ በ2012 ይፋ የሆነው «ኳንደሪ» ነው። ከ8 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀና በነፃ የሚገኝ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ «ብራክሶስ» በምትባል ምናባዊ ፕላኔት የሠፈሩ ሰዎች መሪ ይሆናል። በአንዱ ክፍል የጋራው ጉድጓድ ይበከላል፤ ንጹሕ ውኃ ያለው የአንድ ሰው የግል ጉድጓድ ነው። ልጁ የሠፋሪዎቹን ቃል ያዳምጣል፤ እውነታን ከአስተያየት ይለያል፤ ከዚያም ይወስናል። የትኛውንም ቢመርጥ ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። ትምህርቱም ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጨዋታው ልጁን አይሰብከውም፤ የውሳኔውን ክብደት ያሸክመዋል እንጂ።

ውጤቱስ? የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 150 የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው ለሁለት ሳምንታት አጫወቱ። አንደኛው ቡድን የባዕድ ፍጡራንን ስሜት ከፊታቸው ማንበብን የሚጠይቅ፣ ሌላው ደግሞ ይህን ዓላማ ያላደረገ ጨዋታ ተሰጠው። በ2018 የታተመው ጥናት፣ ስሜት ማንበብን በተለማመዱት ዘንድ ከርኅራኄ ጋር በተያያዙ የአንጎል ክፍሎች መካከል ያለው ግንኙነት መጠናከሩን አሳየ። ነገር ግን ለውጡ በሁሉም ልጆች እኩል አልታየም። የሌላውን ስሜት በመለየት ፈተና የተሻሻሉትም የአንጎላቸው ግንኙነት የተለወጠው ልጆች ነበሩ። ጨዋታ ለአንዱ የሚጠቅመውን ያህል ለሌላው ላይጠቅም ይችላል ማለት ነው።

የቀደሙት ኢትዮጵያውያን ይህን በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። ተረት በምሽት ሲነገር ልጁን የሚቀርጸው ታሪኩ ብቻ አልነበረም፤ ተራኪው አያት «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ መጠየቁም ጭምር ነው። ስክሪን ይህን ጥያቄ ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት ሊያዳምጥ አይችልም። አውሮራ ያለች እናት ግን ከሥራ ስትመለስ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ፣ «ውኃውን ለማን ሰጠህ? ለምን?» ብላ በአማርኛ ልትጠይቀው ትችላለች። ያን ጊዜ ልጁ በእንግሊዝኛ የወሰነውን በቤቱ ቋንቋ ለማስረዳት ይሞክራል፤ ስለ ፍትሕና ስለ ርኅራኄ የሚናገርባቸውን ቃላትም ከእናቱ ይማራል።