የትንሿ መኪና ፍሪሲዮን

ፍሪሲዮን ለሾፌር ወታደር እንግዳ ቃል አይደለም። በሬዲዮ በምትታዘዘው የመጫወቻ መኪና ውስጥም ይገኛል። አር.ሲ. 10 የተባለችው የካሊፎርኒያ ሥራ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ከወጣች ወዲህ፣ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ መጠን ያላቸው መኪኖች ውድድር በብዙ አገር ተስፋፍቶ፣ ዛሬ በአዳራሽ ውስጥ በምንጣፍ ላይ ጭምር ይካሄዳል።

የትልቁን መኪና ፍሪሲዮን እግር ያላቅቀዋል፤ የትንሿ ግን ከልክ ያለፈ ጉልበት ሲመጣበት በራሱ ይንሸራተታል። ምንጣፍ ጎማን አጥብቆ ይይዛል። መኪናዋ ዘላ ስታርፍ ጎማው በድንገት ሲገታ፣ ምቱ በፍሪሲዮኑ ካልበረደ የማርሹን ጥርስና ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። ፍሪሲዮኑ ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ሸራው ይግላል፤ የፕላስቲኩም ማርሽ ይቀልጣል።

ስለዚህ አስቀድሞ ዲፈረንሻሉ ይስተካከል፤ ከፍሪሲዮኑ ቀድሞ መንሸራተት የለበትምና። ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን ሞላ የሚጫነውን ዳዶ በመጠኑ አጥብቆ፣ መኪናዋን በውድድሩ ምንጣፍ ላይ አቁሞ በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል መስጠት ነው። የመንሸራተቱ ድምፅ ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር ያህል እስክትጓዝ ተሰምቶ ሊጠፋ ይገባል። ከዚያ ከረዘመ ዳዶውን አንድ ስምንተኛ ዙር ማጥበቅ፣ ጨርሶ ካልተሰማ በዚያው ልክ ማላላት፣ ከዚያም ደግሞ መፈተን ያስፈልጋል። ዳዶው ከመነካቱ በፊት ባትሪውን መንቀል አይዘንጋ።

አባት ወይም እናት ይህን ከልጅ ጋር ሲሠሩ፣ ድምፁን አዳምጦ የሚፈርደው ልጁ ይሁን። የተሰበረ ማርሽ መለወጫ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንድ ስምንተኛ ዙር ግን የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።