የገንዘብ ዋጋ መውረድና የካርቱም ነጋዴ

ነጋዴ የሚከስረው ገዢ ሲያጣ ብቻ አይደለም፤ እየሸጠም ይከስራል። ይህም በካርቱም ከተማ በግልጽ ታይቷል።

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ራሷን ችላ ስትወጣ፣ ከሱዳን የነዳጅ ዘይት ሦስት አራተኛው ያህል አብሯት ሄደ። የውጭ ዕቃ የሚገዛበት ዶላር ስላነሰም የፓውንዱ ዋጋ እየወረደ መጣ። በዚያ ዓመት በመንግሥት ተመን ከ3 ፓውንድ በታች ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር፣ የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. 375 ፓውንድ ሆነ። በጥቁር ገበያማ አስቀድሞ ተወዶ ነበር።

እንግዲህ ባለሱቁ ከውጭ የመጣ ሻይ ቅጠል አትርፎ ይሸጣል፤ በሰበሰበው ገንዘብ የሸጠውን ያህል መልሶ ለመግዛት ሲሄድ ግን አይበቃውም። በመዝገቡ ትርፍ ተጽፏል፤ መደርደሪያው ጎድሏል። ዋጋ ቢጨምር ደንበኛው ይቀርበታል፤ ባይጨምር መነሻ ገንዘቡ ያልቃል። በዱቤ የሸጠውማ ገንዘቡ የሚመለስለት ዋጋው ከወረደ በኋላ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት እስኪነሣ ድረስ በዴም ሰፈር ምግብ ቤትና ቡና ቤት ከፍተው ይኖሩ ለነበሩት ኢትዮጵያውያን ጉዳቱ እጥፍ ነበር። ገቢያቸው በፓውንድ ሲሆን፣ ለአገር ቤት ዘመድ የሚላከው ግን በዶላር ሒሳብ ተመንዝሮ ነበርና።