ማስታወስና ሐሳብን መለወጥ በአንጎላችን ውስጥ

ብዙዎቻችን ማስታወስን እንደ አንድ ጎተራ አድርገን እናስበዋለን። የሰማነውንና ያነበብነውን ሁሉ በላይ በኩል እንጨምራለን፤ በሚያስፈልገን ቀን በታች በኩል እንቀዳለን፤ ጎተራው የሞላለት ሰው ዐዋቂ ይባላል። እኛም በተማሪነታችን ጊዜ የፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ስንሸመድድ ያደርን ከዚሁ እምነት የተነሣ ነበር። ነገር ግን ሊቃውንት አንጎልን ከመረመሩ ወዲህ ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑ ታውቋል። ይህንንም ከሁሉ አብልጦ ያስረዳው የአንድ አሜሪካዊ መከራ ስለ ሆነ፤ አንባቢዎቻችንን በመጀመሪያ ወደዚያው እንወስዳለን።

ሄንሪ ሞሌሰን የሚባለው ይህ ሰው በ1926 ዓ.ም. በኮነቲከት ግዛት ተወለደ (እዚህ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ያሠቃየው ነበር። መድኃኒት ሁሉ ሳይረዳው ስለ ቀረ፤ በ1953 ዓ.ም. የ27 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ዶክተር ዊሊያም ስኮቪል በሐርትፎርድ ከተማ ራሱን ከፍተው፤ በግራም በቀኝም ከጆሮ በስተ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ከሚገኘው የአንጎል ክፍል ብዙውን አወጡ። ከወጣውም መካከል ሂፖካምፐስ የሚባለው ይገኝበታል፤ በመልኩ የባሕር ፈረስ የተባለውን ትንሽ ፍጥረት ስለሚመስል በግሪክ ቋንቋ በዚሁ ተሰይሟል።

በሽታው ቀለለለት። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ነገር በልቡ መያዝ አልቻለም። ያነጋገረው ሐኪም ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብሎ ሲመለስ እንደ እንግዳ ይቀበለዋል፤ ያነበበውን መጽሔት እንደ አዲስ ደግሞ ያነበዋል። ታዲያ ሰውየው ሞኝ ሆነ እንዳይባል፤ የማሰብ ችሎታው ሲለካ ቀድሞ 104 የነበረው 112 ሆኖ ተገኘ፤ ንግግሩም የልጅነት ትዝታውም አልጠፉም ነበር።

ከሞንትሪያል እየመጡ ይመረምሩት የነበሩት ዶክተር ብሬንዳ ሚልነር አንድ ቀን 584 የሚለውን ቁጥር እንዲይዝ ነገሩት። እሱም ቁጥሮቹን እየደመረና እያዛመደ ለ15 ደቂቃ ያህል ያዘው። ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ዞር ባለ ጊዜ ግን ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቁጥር ያዝ መባሉም ጠፋው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላው ፈተና ነው፤ ይኸውም እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕልን ዙሪያ በእርሳስ እንዲከተል ነበር። የሞከረው ሁሉ እንደሚያውቀው እጅ ወደ ተቃራኒው እየሄደ ያስቸግራል። ሄንሪ በሦስት ቀን ውስጥ እጁ ቀና፤ ነገር ግን በየቀኑ ሥራውን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይመስለው ነበር። የእጅ ልምድና የነገር ትዝታ በአንድ ጎተራ እንደማይቀመጡ በዚህ ተረጋገጠ።

እኒሁ ሴት በ1963 ዓ.ም. ያሳተሙት ሌላ ምርመራ ደግሞ ከግንባራችን በስተ ኋላ ያለውን ክፍል ይመለከታል። ለሕሙማኑ ልዩ ልዩ ቀለም፤ ቅርጽና ብዛት ያለባቸው ካርዶች ይሰጧቸዋል፤ በምን እንደሚለዩ ሳይነገራቸው «ልክ» ወይም «ስሕተት» ብቻ ይባላሉ። ዐሥር ጊዜ በተከታታይ ልክ ሲሆኑ ደንቡ ሳይነገራቸው ይለወጣል። ጤነኛ ሰው ጥቂት ተሳስቶ አዲሱን ደንብ ይፈልጋል። የፊት አንጎላቸው የተጎዳው ግን የድሮውን አልለቅ ይላሉ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ስሕተት መሆኑን በአፋቸው እየተናገሩ እጃቸው ካርዱን እዚያው ያኖራል። (መመሪያው ከተለወጠ በኋላ ማመልከቻችንን በድሮው መመሪያ የመለሰብን አንድ ጸሐፊ ትዝ ቢለን፤ አንባቢ ይቅር ይበለን። እሱ እንኳ የአንጎል ጉዳት አልነበረበትም።)

እነዚህ ሁለት ክፍሎች በየፊናቸው የሚሠሩ አይምሰለን። የለንደን ባለታክሲዎች ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚሆኑ መንገዶችን ያጠናሉ። በ2000 ዓ.ም. ሲመረመሩ የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው በልጦ ተገኘ። «መንዳት ብቻ ያመጣው ይሆናል» እንዳይባል በ2006 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ነጂዎች ጋር ተነጻጸሩ፤ አሁንም ባለታክሲዎቹ በለጡ። አውቶቡስ ነጂው የተወሰነለትን መንገድ ሲመላለስ፤ ባለታክሲው ግን መንገድ በተዘጋበት ቁጥር ሌላ መምረጥ ይኖርበታል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአይጥ ላይ በተደረገ ምርመራ፤ አይጧ ከመንታ መንገድ ላይ ቆማ ስታመነታ፤ ሂፖካምፐሷ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እግሯ ገና ያልረገጠውን የግራውን መንገድ፤ ቀጥሎም የቀኙን ሲያመለክቱ ታይተዋል። ያለፈውን የሚይዘው ክፍል የሚመጣውንም አስቀድሞ ይሞክራል ማለት ነው። ምርጫውን ለማጽናትና ያልበጀውን ለመተው የፊተኛው አንጎል ከዚሁ ጋር ይመካከራል።

ሄንሪ በ2008 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ ሞተ። እስከዚያች ቀን ዓለም የሚያውቀው ኤች. ኤም. በተባሉት ሁለት ፊደሎች ብቻ ነበር። አንጎሉም በካሊፎርንያ በ2,401 ስስ ቁራጮች ተከፍሎ ለጥናት ተቀምጧል። ዶክተር ስኮቪል ራሳቸው ሌሎች ሐኪሞች ይህን ቀዶ ጥገና በሁለቱም ወገን እንዳያደርጉት አስጠንቅቀው ጽፈዋል። ሳይንስ ከዚህ ሰው ያገኘው ትርፍ ታላቅ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ዛሬ ለምርመራ የሰጠውን ፈቃድ በነጋታው የማያስታውስ ሰው ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ ነው? ይህ ጥያቄ እኛን ይከነክነናል።

ዶክተር ሱዛን ኮርኪን ከ40 ዓመት በላይ መረመሩት። ያውቃቸው እንደ ሆነ ሲጠየቅ፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያውቃቸው ይመስለው ነበር።