ዓይን ሲርገበገብ እንግዳ ይመጣል?

የዓይን ቆቡ የተርገበገበበት ሰው «ማን ሊመጣ ይሆን?» ማለቱ የተለመደ ነው። ሐኪም የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ በቂ እንቅልፍ ተኝተዋል? ቡና አብዝተዋል? ያስጨነቀዎት ነገር አለ? በዓይን ቆብ ዙሪያ ያለው ስስ ጡንቻ በድካም፣ በእንቅልፍ እጦት፣ በጭንቀት፣ በቡና ብዛት ወይም በዓይን መድረቅ የተነሳ ያለ ፈቃዳችን ይርገበገባል፤ አብዛኛውን ጊዜም በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ራሱ ይተዋል። «እኔ ግን በተርገበገበብኝ ቀን እንግዳ መጥቶብኛል» የሚል አይጠፋም። እንግዳ በማይታጣበት አገር ይህ አያስገርምም፤ ተርገብግቦ ማንም ያልመጣበትን ቀን ግን የሚያስታውስ የለም።

ይሁንና በአማራ ክልል በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ «ምንም አይደል» ብሎ ማለፍም ያስጠይቃል። የኩበት ጭስና የአውድማ ብናኝ ዓይንን እየቆጠቆጡ ማርገብገባቸው አንድ ነገር ነው፤ የሚከፋው ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በሽታው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ሲደጋገም በላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ቆቡ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይን በተጨፈነ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። ተራው መርገብገብ አያምም፤ ይህኛው ግን ይወጋል፣ ያስነባል፣ ብርሃን ያስጠላል።

ብዙ እናቶች ለዚህ መፍትሔ የሚያደርጉት ወረንጦ ነው። ፀጉሩ ሲነቀል ለጊዜው እፎይ ያሰኛል፤ ነገር ግን መልሶ ይበቅላል፤ የተሰበረው ጉቶም ይብሱን ይወጋል። የሚታደለው አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ተላላፊውን ጀርም ቢያጠፋም የታጠፈ ሽፋሽፍት አያቃናም። የሚያቃናው ቆቡን አደንዝዞ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ጭምር ይሠሩታል። «የተሠራላቸውም ተመልሶባቸዋል» የሚሉ ወገኖች አልተሳሳቱም፤ በአንዳንዶች ላይ ይመለሳል። የተመለሰው ግን እንደገና ይሠራል፤ በትራኮማ ጠባሳ የጠፋን ብርሃን መመለስ ግን እጅግ አዳጋች ነው። እንግዲህ ቆቡ ሳያምም ከተርገበገበ ይተኙ፣ ቡናውን ይቀንሱ። ከጥቂት ሳምንታት ካለፈ፣ ዓይንን ጨርሶ ከከደነ ወይም ወደ ፊት ጡንቻ ከተዛመተ ይመርመሩ። ከወጋና ካስነባ ደግሞ ወረንጦውን አስቀምጠው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የልጆችንም ፊት በየቀኑ ያጥቡ።