የቋራውን ካሣ በመድረክ ያነገሠው ተዋናይ

አፄ ቴዎድሮስ የተወለዱበት ቋራ በዛሬው የምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ከመተማ በስተደቡብ በሱዳን ድንበር የሚገኝ ቆላማ አካባቢ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ሆነው በመድረክ ከተወኑት ኢትዮጵያውያን መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው አርቲስት ፈቃዱ ተክለማርያም ነው።

«ቴዎድሮስ» የተሰኘውን ተውኔት የደረሰው ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን ነው። ደራሲው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮርት ቴአትር የመድረክ ሥራን አጥንቷል፤ የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ መልሷል። በእንግሊዝ ጦር እጅ ላለመውደቅ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉትን ንጉሥ ታሪክ ለመድረክ ያበቃው፣ ከእንግሊዞች ቴአትር የተማረ ደራሲ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሚናው ለተዋናይ ከባድ ፈተና ነው። የቋራውን ሽፍታ ካሣን፣ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትን ንጉሠ ነገሥት፣ በመጨረሻም መቅደላ ላይ ወዳጅ የራቃቸውን ሰው በአንድ ምሽት መሆንን ይጠይቃል። ቁጣው ከበዛ ተመልካቹ ጨካኝ ገዢ ብቻ ያያል፤ ኀዘኑ ከበዛ ደግሞ አገር አንድ ለማድረግ የተነሣው መሪ ይጠፋዋል። ፈቃዱ ሁለቱንም ሊሸከም የሚችል፣ ከፍም ዝቅም የሚል ግርማ ያለው ድምፅ ነበረው።

ይሁንና የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ለቆላው ነዋሪም ሆነ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሩቅ ናቸው። ርቀቱን ያጠበበው ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ እንደተረከ ሁሉ፣ ፈቃዱም የአበራ ለማን «ሞገደኛው ነውጤ» ተርኳል። መድረክ ላይ አይተውት የማያውቁ አድማጮች በድምፁ የሚለዩት በዚህ የተነሣ ነው። በቴሌቪዥን ድራማና በፊልምም ሠርቷል።

አካባቢው ለመድረክ የሚሆን ታሪክ ያቀረበው በቴዎድሮስ ብቻ አይደለም፤ የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያ በተካሄደው ጦርነት በወደቁት በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ትጠራለች።

ፈቃዱ በመጨረሻ ዘመኑ በኩላሊት ሕመም ተይዞ ለሕክምናው የሚውለውን ገንዘብ ያሰባሰቡለት የሙያ ባልደረቦቹና አድናቂዎቹ ነበሩ። ለአሥርት ዓመታት ሕዝብን ያገለገለ ባለሙያ በሕመሙ ጊዜ መዋጮ ማስፈለጉ ለተዋንያን የሚሆን የጤና ዋስትና ጉዳይን የሚያስነሣ ነው። አርቲስቱ ሐምሌ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።