ዙሩ ሳይከርር ሲቀር

በግንቦት 2000 ዓ.ም. መጨረሻ የበቆጂዋ ጥሩነሽ ዲባባ ኦስሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ11.15 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ የቤጂንግ ኦሊምፒክን ወርቅ ያጠለቀችው ግን ያንኑ ርቀት በ15 ደቂቃ ከ41.40 ሰከንድ ጨርሳ ነው። አንድ ደቂቃ ተኩል ዘግይታ!

ከሳምንት በፊት 10,000 ሜትርን አሸንፋ ስለነበር ድካም አልነበረባትም አይባልም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሰውነት በሚተነፍሰው ኦክስጅን ችሎ የሚዘልቀው የፍጥነት ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ የሚሮጥ ሰው በጡንቻው ካለው ውስን ስንቅ ይበላል፤ ስንቁ ሲያልቅ እግር ይከዳል። ከጣሪያው በታች ከሮጠ ግን ስንቁ ለመጨረሻው ይተርፋል።

ቤጂንግ ላይ ዙሩን የሚያከርረው ጠፋ። አንዱ ዙር በአማካይ 75 ሰከንድ ፈጀ፤ ፍጥነቱ ከጣሪያዋ በታች ስለነበር ስንቋ የተረፈላት ጥሩነሽ የመጨረሻውን የሮጠችው ግን በ60 ሰከንድ አካባቢ ነው። ተቀናቃኞቿ አጨራረሷን እያወቁ እስከ መጨረሻው ዙር ደወል አብረዋት ማዝገማቸው ይገርማል።

ግን ማን ይምራ? ተመራማሪው ግሪፊዝ ፒዩ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከሌላ ሯጭ ጀርባ አንድ ሜትር ያህል ተጠግቶ የሚሮጥ ሰው አየሩን ለመግፋት ከሚያወጣው ጉልበት 80 በመቶ ያህሉን እንደሚቆጥብ አሳይቷል። የሚመራ ሰው ተቀናቃኙን ከነፋስ ይከልላል ማለት ነው። በ10,000 ሜትሩ ተቀናቃኟ ኤልቫን አቤይለገሴ ከፊት ሆና ስታከርር ጥሩነሽ ተከትላት ቆይታ በመጨረሻው ዙር አፈትልካ ወጣች።

በቆጂ ስትነሳ ሁሉም 2,800 ሜትር ገደማ የሆነውን ከፍታዋን ያወራል። ስስ አየር ደምና ሳንባን እንደሚያለማምድ እሙን ነው። ነገር ግን በ5,000 ሜትሩ ጥሩነሽን ተከትለው የገቡት ኤልቫን (ውጤቷ በኋላ በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት ተሰርዟል) እና መሠረት ደፋርም የተወለዱት ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ጥሩነሽ መቼ መውጣት እንዳለባት ማወቋና የማፍጠን አቅሟ ነው። የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እሷንም፣ ደራርቱ ቱሉንም፣ ቀነኒሳ በቀለንም በልጅነታቸው አሠልጥነዋል፤ መሙ ላይ ግን ውሳኔው የሯጩ ብቻ ነው።

ስሌቱ ለተቀናቃኝም ይሠራል። በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ መሠረት በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ተስፈንጥራ 5,000 ሜትሩን ወሰደች፤ ጥሩነሽ ከሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሦስተኛ ሆነች።