የዋንጫና የብዕር ዓርማ

«የኔ አያት ባላባት ነበሩ!» የሚለውን የተማሪዎቼን ፉክክር በሰማሁ ቁጥር የመምሉኮች ዓርማ ትዝ ይለኛል።

በአውሮፓ የቤተሰብ ዓርማ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የዘር ክብር ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1250 እስከ 1517 ግብፅንና ሻምን የገዙት መምሉኮች ግን በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው፣ ከወላጆቻቸው ተለይተው የመጡ ወታደሮች ነበሩ። የአሚሮቻቸው ዓርማ ብዙውን ጊዜ በቤተ መንግሥት ያገለገሉበትን ሥራ ያሳይ ነበር፤ ዋንጫ የመጠጥ አሳላፊውን፣ ሰይፍ የጦር መሣሪያ ያዡን፣ የብዕር ሣጥን የጸሐፊውን። በካይሮ ጥንታዊ ሕንፃዎችና በመስጂድ ፋኖሶች ላይ ዛሬም ይታያል።

ልጆቻቸው ነፃ ሆነው ስለተወለዱ፣ ዓርማውን ቢይዙ እንኳ የአባታቸውን ማዕረግ አብዛኛውን ጊዜ አይወርሱም ነበር።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ስም ማወቃቸው መልካም ነው። ሆኖም «አንተስ ምን ሠራህ?» ብለንም እንጠይቃቸው። አላህ ዘንድ የሚያስከብረው ተቅዋ እንጂ ዘር አይደለምና።